የሚያንጠባጥብ የነዳጅ ፊልትሮ፦ የሚባለውና እውነታው

«ጠበቅ አድርገው፣ ያቆማል።» የአሮጌ መኪናው ፊልትሮ ማንጠባጠብ የጀመረበት ሰው ከማንም አስቀድሞ የሚሰማው ምክር ይህ ነው። ነዳጁን የሚይዘው ግን የእጅ ኃይል ሳይሆን በፊልትሮውና በሚገጠምበት የብረት ራስ መካከል የተቀመጠው ጎማ ነው። ጎማው ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ቦታውን ከሳተ በቁልፍ መጨመር የባሰ ይጨፈልቀዋል፤ አንዳንዴም ጥርሱን ይበላዋል። ያኔ በትንሽ ገንዘብ የሚያልቀው ጥገና ሙሉ የፊልትሮ ራስ ወደ መግዛት ይሄዳል።

2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር የተገጠመላቸውን የቶዮታ ሃይሉክስና ሃይኤስ እንውሰድ። የናፍጣው ፊልትሮ የሚጠመዘዝ ቆርቆሮ ነው፤ ከላይ የእጅ ፓምፕ፣ ከታች ውሃ መጠራቀሙን የሚጠቁም ሴንሰር አለው። ፊልትሮው ሲፈታ አሮጌው ጎማ ብዙ ጊዜ አብሮ አይወርድም፤ ከራሱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ናፍጣና አቧራ ከለበሰው ብረት ጋር ስለሚመሳሰል ዓይን ያልፈዋል። አዲሱ ከነጎማው በላዩ ይጠበቃል፤ ሁለት ጎማ ተደራርቦ ደግሞ አይይዝም። ስለዚህ ራሱን በንጹህ ጨርቅ ጠርጎ ዙሪያውን በጣት መዳሰስ የግድ ነው። አዲሱን ጎማ በንጹህ ናፍጣ ቀባ ማድረግ፣ ብረቱን እስኪነካ በእጅ ማዞር፣ ከዚያ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል አሁንም በእጅ መጨመር፤ ይኸው ነው። ቁልፍ የሚያስፈልገው ለመፍታት ነው። ሴንሰሩ ወደ አዲሱ ፊልትሮ ሲዛወር ኦሪንጉም ይቀየር። ከታች የሚያንጠባጥብ ፊልትሮ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

«መሬት ላይ ካልታየ አያፈስም» የሚለው እምነት ደግሞ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ገንዘብ እንዲያወጣ አድርጓል። በእነዚህ የናፍጣ ሞተሮች ፊልትሮው ያለው በመሳቢያው በኩል ነው፤ ናፍጣውን ከታንከር ስቦ የሚያመጣው ራሱ የኢንጄክሽን ፓምፑ ነው። ሞተሩ ሲሠራ በቀዳዳው ናፍጣ አይወጣም፤ አየር ይገባል። መኪናው ሲያድር ናፍጣው ዝቅ ብሎ ወዳለው ታንከር ይመለሳል፤ ጠዋት ሞተሪኖው ይዞራል ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ባለቤቱ ባትሪ ይቀይራል፣ የማሞቂያ ካንዴላ ይቀይራል፣ ሞተሪኖ ያስፈታል፤ ችግሩ ግን ባለበት አለ። የሚሻለው ሞተሩን ከማስነሳት በፊት የእጅ ፓምፑን እስኪጠነክር መምታት ነው። ከዚያ በኋላ ወዲያው ከተነሳ፣ አየር ከየት እንደሚገባ መፈለግ ይጀመራል። ፓምፑን ሲመቱት ፊልትሮው ውስጥ ግፊት ስለሚፈጠር የተደበቀው ቀዳዳ ናፍጣ ያወጣል። ርጥበቱ በፓምፑ መምቻ ሥር ከታየ፣ ያለቀው የፓምፑ የውስጥ ጎማ ነው እንጂ ፊልትሮው አይደለም።

ቤንዚን ደግሞ ሌላ ነው። ቶሎ ስለሚተን መሬት ሳይደርስ ይጠፋል፤ ምልክቱ ሽታው ብቻ ሊሆን ይችላል። የካርቡራተር መኪና ግፊቱ አነስተኛ ነው፤ በኢንጄክሽን የሚሠሩት የቆዩ የቤንዚን መኪኖች ግን ፊልትሯቸው ውስጥ 3 ባር ገደማ ግፊት አለ። እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ሞተሩ ላይ ትረጫለች። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል፤ ተኑም ከአየር ስለሚከብድ ከመኪናው ሥርና በጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ሽታው እያለ መንዳት አይገባም።

«ናፍጣ ግን አይቀጣጠልም» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ቀዝቃዛ ናፍጣ በክብሪት ቶሎ አይያዝም፤ ከ52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም በላይ ሲሞቅ ግን ተኑ ይቀጣጠላል። ሞተር ሲሠራ የጭስ ማውጫው ከዚህ ብዙ እጥፍ ይግላል። አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ደግሞ ከኋላ የሚመጣውን ሞተር ሳይክል ይጥላል።

ስንጥቁን በሳሙና መድፈንስ? ሳሙና በነዳጅ ስለማይሟሟ የታንከርን ቀጭን ስንጥቅ እስከ ቅርብ ከተማ ሊይዝ ይችላል። 3 ባር ያለበት ፊልትሮ ላይ ግን ምንም አይሠራም። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይለቃል። ሾጣጣ ጫፍ ያለው የብረት ቱቦ ላይ ቴፍሎን መጠቅለልም ከንቱ ነው፤ የሚይዘው ብረት ከብረት መግጠሙ እንጂ ጥርሱ አይደለም፣ የቴፍሎኑ ብጣሽ ደግሞ ኢንጄክተር ይዘጋል። የውሃ ጎማ በነዳጅ ጎማ ቦታ መግጠም ፈጽሞ አይገባም፤ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይፈነዳል።

የቤንዚን ፊልትሮ የሚቀይር ሰው ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቅ። የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ነቅሎ ሞተሩን ያስነሳ፤ በቱቦው የቀረውን ጨርሶ ራሱ ይጠፋል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ቀጥሎ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍታ። ቱቦው እንዳይጠመዘዝ አንዱ ቁልፍ ፊልትሮውን ይያዝ፣ ሌላው ዳዶውን ይፍታ። የመዳብ ሮንዴላዎቹ አንዴ ተጨፍልቀዋልና በአዲስ ይተኩ። በፊልትሮው ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ያመልክት። ዱቄት የሚረጭ የእሳት ማጥፊያ በእጅ ይቅረብ፤ ውሃ የቤንዚንን እሳት ተሸክሞ ያሰፋዋል።

ሁሉም ሲያልቅ ፊውዙንና የባትሪውን ኔጌቲቭ መልሶ፣ መጋጠሚያዎቹን አድርቆ፣ ሞተሩን አስነስቶ (በናፍጣው ሞተር የእጅ ፓምፑን መትቶ)፣ ዙሪያውን በነጭ ሶፍት መንካት። ሶፍቱ ከረጠበ እንደገና ይፈታል። ደረቅ ከሆነም በማግስቱ ጠዋት አንዴ ይደገም።