በካርቦን ናኖቁሶች ስያሜ ላይ የቀረበ ማብራሪያ

የሳይንስ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚውን የሚያስቸግረው ዘወትር አዲሱ ቃል አይደለም፤ የተለመደው ቃል ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን ደርቦ ሲይዝ ችግሩ ይብሳል። ይህን ለማሳየት ከካርቦን ናኖቁሶች መስክ ሦስት ቃላትን መርጠን እንመረምራለን።

አንደኛው «ካርቦን» ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ ከሰል ነው። ከዚህ የተነሣ «ካርቦን»ን በ«ከሰል» ለመተካት የሚሻ ምክንያት አያጣም። ይሁን እንጂ አልማዝም ካርቦን ነው፤ አልማዝን ከሰል የሚል ግን የለም። ስለሆነም ንጥረ ነገሩን «ካርቦን»፣ ከእንጨት ወይም ከኮኮናት ቅርፊት የሚከስለውን ባለ ቀዳዳ ቁስ «ከሰል» ማለት ይገባል።

ሁለተኛው «ናኖቱቦ» ነው። «ናኖ» ድንክ ከሚለው የግሪክ ቃል የተገኘ ሲሆን በልኬት አንድ ቢሊዮንኛን ያመለክታል። አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ እ.ኤ.አ. በ2004 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ነጥለው ያወጡት፣ በ2010ም የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ግራፊን፣ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ ነው። ከሚያርፍበት ብርሃን 2.3 ከመቶ ያህሉን ብቻ ስለሚውጥና ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ተመራማሪዎች በጣት ለሚነካ ስክሪን ብርሃን አሳላፊ ኤሌክትሮድ እንዲሆን ሞክረውታል። ንጣፉ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ቢታሰብ ናኖቱቦ ይሆናል። «ቱቦ» በውስጡ ውሃ የሚፈስበትን ዕቃ ያሳስባል፤ እዚህ ግን ኤሌክትሮኖች የሚጓዙት በግድግዳው እንጂ በባዶው ውስጥ አይደለም። ቢሆንም ቅርጹን በትክክል ስለሚገልጽ ቃሉን እንደግፋለን።

ሦስተኛውና ዋነኛው «ኃይል» ነው። ሱፐርካፓሲተር በሚባለው መሣሪያ አዮኖች በከሰል ገጽ ላይ ይደረደራሉ፤ የአንድ ግራም ከሰል ገጽ ከ1,000 ካሬ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። እንደ ባትሪ ኬሚካዊ ለውጥ መጠበቅ ስለማያሻው የያዘውን በሰከንዶች ውስጥ ይለቃል፤ የሚይዘው ግን ከባትሪ ያነሰ ነው። ተርጓሚው የተከማቸውንም የሚለቀቅበትንም ፍጥነት «ኃይል» ካለ፣ «ኃይሉ ከባትሪ ያነሰ፣ ኃይሉም ከባትሪ የበለጠ» የሚል እርስ በርሱ የሚጣላ ዐረፍተ ነገር ይወጣል። ሌሊቱን ሙሉ መብራት የሚያቆይለትን ዕቃ የሚፈልግ አንባቢም በዚህ ተመርቶ የማይበጀውን ሊመርጥ ይችላል። እንስራው የሚይዘው ውሃ ሌላ፣ ከአፉ በአንድ ጊዜ የሚወርደው ሌላ ነው።

አንዳንዶች ለተከማቸው «ጉልበት» የሚለውን ይመርጣሉ። ሆኖም ይህ ቃል የሰውንና የእንስሳን ብርታት አስቀድሞ ስለሚያሳስብ፣ በአንጻሩ «ኢነርጂ» በውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ስም ጭምር የተለመደ ስለሆነ፣ የኋለኛው ይሻላል እንላለን። በመሆኑም በጁል ወይም በኪሎዋት ሰዓት የሚለካው «ኢነርጂ»፣ በዋት የሚለካው «ኃይል» ቢባል አሻሚነቱ ይወገዳል። ተርጓሚው ሲጠራጠር አስቀድሞ መለኪያውን ይመልከት።