አሮጌ ሌንስ፣ አዲስ ካሜራ፣ የሰልፋችን እውነተኛ ስፋት

ከለንደን፣ ባተርሲ

በስደት ዓለም የሚደረግ ሰላማዊ ሰልፍ ሁሉ ሁለት ጊዜ ይካሄዳል። መጀመሪያ በአደባባዩ ላይ፣ ቀጥሎ ደግሞ በፎቶግራፉ ላይ። ሰልፈኛው ባንዲራውን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሳይገባ «ስንት ሰው ወጣ?» የሚለው ክርክር ይነሳል። አዘጋጆቹ በሺህ ይቆጥራሉ፤ የተቃወምናቸው ወገኖች «ጥቂት ግለሰቦች» ይሉናል። አገር ቤት ያለው ወገናችን ደግሞ በእጁ የሚገባው ፎቶግራፉ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ፎቶግራፍ በምን ዓይነት ሌንስ እንደተነሳ መጠየቅ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም እንላለን።

የአገራችን ሰው ጉዳዩን በሚገባ ያውቀዋል። ሚያዝያ 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ኢሕአዴግ፣ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ቀን ደግሞ ቅንጅት፣ በዚያው በመስቀል አደባባይ ሕዝቡን ጠሩ። ግንቦት 7 ቀን ምርጫው ተካሄደ። የሁለቱ ቀን ሰልፎች ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ሲነጻጸሩ ኖረዋል። ለማነጻጸር የሚያመቸው አደባባዩ ራሱ ነው፤ ከደረጃው ላይ የቆመ ሰው ሜዳውን እስከ ዳር ማየት ይችላል። በለንደን ጎዳና ግን እንዲህ ያለ ደረጃ አናገኝም። ያለን ጠባብ የእግረኛ መንገድ፣ የፖሊስ የብረት አጥርና ጀርባችንን የሚገፋን ግድግዳ ነው። ወደ ኋላ ማፈግፈግ በማይቻልበት ቦታ ብዙ ሰው የሚይዘው፣ በተለምዶ ዋይድ አንግል የምንለው ባለ ሰፊ ማዕዘን ሌንስ ነው።

ለምን ባተርሲ?

ከለንደን ሰፈሮች ሁሉ ባተርሲን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ከግሮቭነር አደባባይ ለቆ ከባተርሲ ጋር ወደተያያዘው ናይን ኤልምስ ተዛውሯል። ለዋሽንግተን አቤት የሚል ሰልፈኛ ሁሉ ከዚያ ወዲህ መንገዱ ወደዚህ ሆኗል።

ሁለተኛው ምክንያት ታሪክ ነው። ባተርሲ እ.ኤ.አ. በ1913 ጆን አርቸር የተባለውን ጥቁር ሰው ከንቲባ አድርጋ መርጣለች። ያሸነፈው 40 ለ 39፣ በአንድ ድምፅ ብልጫ ነው። አባቱ ከባርቤዶስ፣ እናቱ ከአየርላንድ ነበሩ። መተዳደሪያው ምን ነበር ቢሉ፣ ፎቶግራፍ ማንሳት! ማንሻ ቤቱም ባተርሲ ፓርክ መንገድ ላይ ነበር። አርቸር እ.ኤ.አ. በ1900 ለንደን ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ተገኝቷል። በዚያው ጉባኤ ሄይቲያዊው ቤኒቶ ሲልቬን የአፄ ምኒልክ ወኪል ተብሎ ተቀምጦ ነበር። ፎቶግራፍና የጥቁር ሕዝብ ትግል በአንድ ሰው ቤት አብረው ያደሩበት ሰፈር ነውና፣ ለጉዳያችን ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘንም።

ሦስተኛው ምክንያት ገበያው ነው። በባተርሲ ፓርክ መንገድ፣ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ሰዎች ያገለገለ ዕቃቸውን ከመኪናቸው ኋላ እየዘረገፉ የሚሸጡበት የእሑድ ገበያ ለዓመታት ሲካሄድ ቆይቷል። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው በእንዲህ ያለ ገበያ እንግድነት አይሰማውም። ከልብሱና ከሳህኑ መሐል አንዳንዴ አቧራ የለበሰ ዜኒት ወይም ፕራክቲካ ካሜራ ይገኛል። እነዚህ በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን የሄዱ ወገኖቻችን የሚያስታውሷቸው ካሜራዎች ናቸው። ካሜራው ፊልም ፈላጊ ስለሆነ ለዛሬ ሥራችን ብዙም አይጠቅመን ይሆናል። ሌንሱ ግን ዛሬም ይሠራል።

አሮጌው ከአዲሱ ጋር እንዴት ይገጥማል?

የዜኒትና የፕራክቲካ ሌንሶች አብዛኞቹ ወርዱ 42 ሚሊ ሜትር በሆነ ጥምዝ፣ እንደ አምፖል እየተሽከረከሩ የሚገቡ ናቸው። እንዲህ ያለው ሌንስ ከፊልሙ 45.46 ሚሊ ሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህ ርቀት ካልተጠበቀ ምስሉ አይጠራም። በካኖን ኢኦኤስ ባለ መስታወት ካሜራዎች ርቀቱ 44 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቀጭን የብረት ቀለበት፣ ማለትም አዳፕተር፣ ልዩነቱን ይሞላዋል። የኒኮን ባለ መስታወት ካሜራ ግን 46.5 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌውን ሌንስ ያለ ተጨማሪ መስተዋት ብናስገባበት ቅርቡን እንጂ ሩቁን አያጠራልንም። ሰልፍ ለማንሳት ደግሞ ሩቁ ያስፈልገናል። መስታወት የሌላቸው አዳዲሶቹ ካሜራዎች ይህን ችግር አቃለውታል። ለምሳሌ በሶኒ ካሜራዎች ርቀቱ 18 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ወፈር ያለ ቀለበት ጨምሮ የማንኛውንም አሮጌ ፋብሪካ ሌንስ ለማለት ይቻላል መግጠም ይቻላል።

ብዙዎችን የሚያታልለው የስፋቱ ሂሳብ ነው። 28 ሚሊ ሜትር ሌንስ በጥንቱ ፊልም ላይ ከጥግ እስከ ጥግ 75 ዲግሪ ያህል ያያል። የዲጂታሉ ሴንሰር እንደ ፊልሙ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ከሆነ ስፋቱ አይቀነስም። በርካሾቹ ካሜራዎች ግን ሴንሰሩ ያነሰ ስለሆነ የምስሉ ዳር ዳር ይቆረጣል፤ 28ቱ እንደ 42 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሆኖ ያርፋል። ሰፊ ሌንስ ገዛሁ ያለ ሰው መደበኛ ሌንስ ይዞ ይገባል ማለት ነው። ሴንሰሩ ትንሽ ከሆነ 20 ሚሊ ሜትር ፈልጉ፤ እሱ የ30ን ያህል ያያል። በዚህ ረገድ የምሥራቅ ጀርመኑ ፍሌክቶጎንና የሶቪየቱ ሚር 20 የታወቁ ናቸው።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ካሜራው ውስጥ መስታወት በመኖሩ ሰፊ ሌንስ ከፊልሙ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ ግድ ነበር። ይህን መላ እ.ኤ.አ. በ1950 ለካሜራ ገበያ ያቀረበው የፈረንሳዩ አንዤኒዩ ኩባንያ ነው። በዚህ መንገድ የተሠሩ ሌንሶች ከዲጂታል ጋር በደንብ ይስማማሉ። መስታወት ለሌላቸው ለጥንቶቹ ካሜራዎች የተሠሩት ሰፋፊ ሌንሶች ግን የኋላ መስተዋታቸው ፊልሙን ሊነካ ጥቂት ነው የሚቀረው። ብርሃኑ በሴንሰሩ ዳር ላይ በጣም አጋድሎ ስለሚወድቅ ጥግ ጥጉ ይደበዝዛል፣ ወደ ሐምራዊም ያደላል። የሶቪየቱ ዩፒተር 12 ለዚህ ምሳሌ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነውና ተዉት። ትንሽ ጭረት ግን አያስፈራም።

በሰልፉ ቀን

አሮጌ ሌንስ ፎከሱንም የብርሃን መግቢያውንም በእጅ ነው የሚያዘው። ይህ ድካም ይመስላል፤ በግርግር መሐል ግን ጥቅም አለው። በሌንሱ ላይ የርቀት ቁጥር ተቀርጿል። ባለ ትልቅ ሴንሰር ካሜራ ላይ 28 ሚሊ ሜትር ሌንስ አድርጋችሁ የብርሃን መግቢያውን 8 ላይ፣ ርቀቱን 3 ሜትር ከ30 ላይ ብታቆሙት፣ ከ1 ሜትር ከ70 ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ በበቂ ሁኔታ ይጠራል። ከዚያ በኋላ ማነጣጠር ብቻ ነው። ካሜራው ፎከስ ሲፈልግ ወሳኙ ቅጽበት አያመልጣችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። ሌንስ ይዋሻል። ሩቅ አቅራቢ ሌንስ ይዞ በሰው ቁመት ልክ የሚያነሳ ሰው ከፊት ያለውንና ከኋላ ያለውን አጣብቆ ሁለት መቶውን ሁለት ሺህ ያስመስላል። ሰፊ ሌንስ በበኩሉ የፊተኛውን ሰው ግዙፍ፣ የኋለኛውን ሕዝብ ጉንዳን ያደርጋል፤ በምስሉ ዳር የቆመውንም ፊቱን ይለጥጠዋል። መድኃኒቱ ከፍታ ነው። በደረጃ፣ በድልድይ ወይም በሰገነት ላይ ወጥቶ፣ በሰፊው ሌንስ፣ የሰልፉ ዳር እስኪታይ ድረስ ማንሳት ነው። ሕዝቡ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የማያሳይ ፎቶግራፍ የብዛት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ይህን ስንል ቅር የሚላቸው ወገኖች እንደሚኖሩ እናውቃለን። «ባዶውን ቦታ ለምን እናሳያለን?» ይሉ ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። የመንግሥት ቴሌቪዥን ካሜራውን ከባዶው ወንበር ላይ ሲያሸሽ ስንወቅስ ኖረን፣ እኛው ያንኑ ብናደርግ ከማን ተሻልን? ሦስት መቶ ሆነን ወጥተን ሦስት መቶ መሆናችንን ብናሳይ፣ ሦስት ሺህ የሆንን ቀን የሚያምነን አናጣም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። የዛሬ ሴንሰር ትንሿን ፊት አጉልቶ ሊያወጣ ይችላል። አገር ቤት ቤተሰብ ያለው ሰልፈኛ በእኛ ፎቶግራፍ ምክንያት ቤተሰቡ እንዳይጉላላ፣ ከመበተናችን በፊት ፊቶችን እንመርምር። ዋናውን ፋይል ግን ሳንቆርጥ ሳንቀባባ እናስቀምጥ። አሮጌ ሌንስ ማንነቱን ለካሜራው ስለማይናገር፣ የሌንሱን ዓይነት፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆምንበትን ቦታ በጽሑፍ እንመዝግብ።

የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት ሽመልስ ደስታ ከአብዮቱ በፊትና በኋላ ያነሷቸው ምስሎች በዚህችው በለንደን ለሕዝብ ታይተዋል። ያን ዘመን ዛሬ በዓይናችን የምናየው ፎቶግራፎቹን ያስቀመጠ ሰው በመኖሩ ነው። የእኛ የስደት ዘመንም ነገ ሰነድ ፈላጊ ይመጣበታል። ያኔ የሚገኘው ነገር የተጣበበና የተቆረጠ እንዳይሆን፣ በየቁም ሳጥኑ የተኛውን አሮጌ ሌንስ አውጡት፣ አቧራውን ጥረጉት፣ ለሚቀጥለው ሰልፍ ይዛችሁት ውጡ።

ቸር ይግጠመን።