አንድ ሻጭ፣ አምስት አካውንት፦ ምን እናድርግ?



ከመካከላችን ወጪያችንን በኦንላይን ሽያጭ የምንሸፍን ጥቂት አይደለንም። ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ ሒጃብና ጫማ ከፒያሳና ከመርካቶ እየወሰድን በጂጂ፣ በቴሌግራም ቻናልና በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ እንሸጣለን። የፒያሳ ባለሱቆችም እዚያው ናቸው። በ2016 ዓ.ም በኮሪደር ልማት የአካባቢው ነባር ቤቶች ሲፈርሱ፣ ሱቁ የተነሣበትን ነጋዴ ደንበኛው የሚያገኘው በስልኩና በቻናሉ ነበር። በዚህ ገበያ እየተደጋገመ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «ተፎካካሪዬ አምስት አካውንት ከፍቶ ገበያዬን ወሰደው፤ እኔም ልክፈት?»

ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?

አካውንት ማብዛት በራሱ ማታለል አይደለም። አራዳ ውስጥ የጫማም የስልክም ሱቅ ያለው ሰው ለየብቻ ቻናል ቢከፍትላቸው ማንንም አይጎዳም። የቴሌግራም አፕም እስከ ሦስት አካውንት በነፃ ያስገባል። አማዞን ደግሞ ሁለተኛ የሻጭ አካውንት የሚፈቅደው በቂ የንግድ ምክንያት ላለው ብቻ ነው። ልዩነቱ መደበቁ ላይ ነው። የፒያሳ ነጋዴ ሦስት ሱቅ ቢኖረው ጎረቤቱም ደንበኛውም ያውቃል፤ ስክሪን ላይ ግን አንዱ ሰው ሦስት ሰው መስሎ ይቀርባል።

ለምሳሌ ያንኑ ላፕቶፕ በአንዱ አካውንት 34,000፣ በሌላው 32,000፣ በሦስተኛው 28,000 ብር ብሎ ይለጥፋል። ገዢው ሦስት ሻጮችን ያወዳደረ መስሎት ባለ 28,000ውን በደስታ ይገዛል፤ የገበያው ዋጋ 25,000 ቢሆንም አያውቅም። ከዚያም በሌሎቹ አካውንቶች ለራሱ ምስጋና፣ ለእኛ ደግሞ «ሌባ ነው» የሚል አስተያየት ይጽፋል።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነጀሽን መከልከላቸው በቡኻሪና በሙስሊም ሐዲስ ተዘግቧል። ነጀሽ ማለት የመግዛት ሐሳብ የሌለው ሰው ሌላውን ለማጓጓት ዋጋ መስቀል ነው። ባለ 34,000ው አካውንት የሚሠራው ሥራ ከዚህ ጋር በጣም ይቀራረባል። ዝርዝር ፍርዱን ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ።

ሳናረጋግጥ አንክሰስ

ፎቶ መመሳሰሉ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ብዙ የፒያሳ ሱቆች ዕቃ የሚረከቡት ከአንድ አስመጪ ስለሆነ ፎቶውንም አብረው ይቀበላሉ። የሚያጠራጥረው ብዙ ምልክት ሲገጣጠም ነው፦ አንድ ስልክ ቁጥር፣ አንድ የፊደል ስሕተት፣ አንድ የመረከቢያ ቦታ፣ በቴሌብር ሲከፈል የሚወጣ አንድ የተቀባይ ስም። ይህም ሆኖ ወንድማማቾች በአንድ ቁጥር ሊሠሩ ስለሚችሉ በቅድሚያ ሑስኑ ዘን ይኑረን።

ካረጋገጥን በኋላ

1. ማስታወቂያዎቹን ቀናቸውና ሊንካቸው በሚታይበት ሁኔታ ስክሪንሾት እናንሣ። ስንጠይቀው ሊያጠፋቸው ይችላል።

2. የምናውቀው ሰው ከሆነ በአካል እናናግረው። ፒያሳ ቅርብ ናት፤ ሁለታችንም የምናከብረው ባለሱቅ አይጠፋም። በግሩፕ ስሙን ማጥፋት ግን እኛንም ጥፋተኛ ያደርገናል።

3. ካልሰማ ለመድረኩ ሪፖርት እናድርግ። «ብዙ አካውንት አለው» ብቻ ከማለት ይልቅ «ይህ ዕቃ በእነዚህ ሦስት ሊንኮች በተለያየ ዋጋ ተለጥፏል» ብሎ መጻፍ ለሚመረምረው ሰው ሥራውን ያቀልለታል።

4. ሕግም አለ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በአንቀጽ 8 ነጋዴ ተወዳዳሪውን በሚጎዳ አሳሳች ድርጊት እንዳይሠራ ይከለክላል። ንግድ ፈቃድ ሳያወጣ የሚሸጥ ተማሪ ግን ለክስ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው የራሱን ፈቃድ መሆኑን አይርሳ።

እኛስ እንክፈት?

አምስት አካውንት ያለው ሰው የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ በአንድ ስም ለረጅም ጊዜ መታወቅ አይችልም። ስለዚህ አንድ ስም ይዘን እንቆይ። ዕቃውን በራሳችን እጅ ይዘን እንቅረጽ፤ የባትሪውን ድካም፣ የስክሪኑን ጭረት ሳንጠየቅ እንጻፍ፤ የምንገኝበትን ሕንፃና የመመለሻ ቀን እናሳውቅ። ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ጉድለቱን ከገለጹ ንግዳቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከደበቁ ግን በረካው እንደሚነሣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ለዚህ ወር ኪራይ ብለን የምንከፍተው ስውር አካውንት ይህንን በረካ የሚያስከፍለን ከሆነ ሒሳቡ ኪሳራ ነው።

አላህ ሐላል ሪዝቅ ይስጠን። ወላሁ አዕለም።