ንፋስ ስልክ ውስጥ ንፋስ የለም

«ጎተራ፣ ጎፋ፣ ንፋስ ስልክ!» እያለ የሚጣራው የታክሲ ረዳት ሳያውቀው በየቀኑ የፊዚክስ ቃል ይጠራል። አባቶቻችን ያለ ሽቦ መልእክት የሚያደርስ መሣሪያ ሲመጣ፣ ሽቦ ካልያዘው እንግዲህ ንፋስ ነው የሚወስደው ብለው «የንፋስ ስልክ» አሉት። ስሙም የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ።

ለመሆኑ እውነት ንፋስ ነው የሚወስደው? አይደለም። ሥራው የኤሌክትሮን ነው።

እስቲ የመዳብ ሽቦን እንይ። አንድ የመዳብ አቶም መሃሉ ላይ ኒውክለስ አለው፤ በዙሪያው 29 ኤሌክትሮኖች አሉ። ተማሪዎች «2፣ 8፣ 18፣ 1» ብለው ይሸመድዱታል። ቁም ነገሩ ግን ያቺ የመጨረሻዋ 1 ናት። ከኒውክለሱ ራቅ ስለምትል የያዛት ኃይል ላላ ያለ ነው፤ ከአቶም ወደ አቶም ትዞራለች። መብራት ስናበራ በሽቦው ውስጥ የምትንቀሳቀሰው እሷ ናት። በሬዲዮ አንቴና ውስጥ ደግሞ በሰከንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። ስትወዛወዝ ሞገድ ትለቃለች። ሞገዱ በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ አየር በሌለበት ሕዋ ሳይቀር። በ1927 ዓ.ም. አቃቂ ላይ የተከፈተው ሬዲዮ ጣቢያም፣ ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ሞባይልም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ልጆቻችን ግን «2፣ 8፣ 18፣ 1»ን ለፈተና ጽፈው በማግስቱ ይረሱታል። ያቺ 1 የሰፈራቸው ስም ውስጥ እንዳለች ማን ነገራቸው? ዛሬ ማታ እራት ላይ እናንተ ንገሯቸው።