ተሰባብሮ የሚመጣው መረጃ እንዴት ይጠገናል?

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቀይ ባሕር ወለል ላይ የተዘረጉ ሦስት የኢንተርኔት ኬብሎች መጎዳታቸውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በሚሳይል የተመታችው ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ ቀስ በቀስ ስትሰምጥ፣ መልሕቋ ወለሉን እየጎተተ እንደቆረጣቸው ይታመናል። ከሦስቱ አንዱ ኤኤኢ-1 ይባላል፤ ከሆንግ ኮንግ እስከ ፈረንሳይ 25,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲዘልቅ መንገዱ ላይ እዚህ ጅቡቲም ይወጣል። ጥገናው ወራት ፈጀ።

ኬብል ሲቆረጥ ሁሉም ሰው ያውቃል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ግን ማንም የማያውቀውን፣ ኬብሉ ደኅና ሆኖ ሳለ በየቅጽበቱ የሚደርሰውን ጉዳት ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የኢትዮጵያ ዕቃ በዚህች ከተማ በኩል ሲመላለስ ኖሯል። ዛሬ ከዕቃው ጎን ለጎን መረጃውም በዚሁ በር ይገባል፣ ይወጣል። ወደብ ላይ የሚሠሩ ወላጆቻችን አልፎ አልፎ ዕቃ ተጎድቶ እንደሚመጣ ያውቃሉ። የመረጃው ጭነት ግን ሁልጊዜ፣ አንድም ቀን ሳይቀር፣ ተሰባብሮ ነው የሚደርሰው።

ለምን ይሰባበራል? በኬብሉ ውስጥ ያለው ፋይበር እንደ ፀጉር የቀጠነ ብርጭቆ ነው። በአንዱ ጫፍ ያለ ሌዘር ብርሃኑን በሰከንድ 30 ቢሊዮን ጊዜ ያህል እየለዋወጠ መልእክቱን ይልካል። እያንዳንዱን ለውጥ «ምልክት» እንበለው። በብርጭቆ ውስጥ ደግሞ የተለያየ ቀለም ያለው ብርሃን የተለያየ ፍጥነት አለው። ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ተማሪዎች በረድፍ በረድፍ ወደ ባሕር ዳርቻ ሲሄዱ አስቡ። ግቢውን ሲለቁ ረድፉ ቀጥ ያለ ነው። ጥቂት እንደተጓዙ ፈጣኖቹ ፊት ያለው ረድፍ ውስጥ ይገባሉ፤ ቀርፋፎቹ ከኋላ ካሉት ጋር ይቀላቀላሉ። ብርሃኑም 5,000 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ አንዱ ምልክት በመቶዎች በሚቆጠሩ ጎረቤቶቹ ላይ ይፈስሳል። በዚያ ላይ በየመንገዱ ያሉት ማጉያዎች ብርሃኑን ሲያጎሉ ጫጫታውንም አብረው ያጎላሉ።

ደግነቱ የቀለሞቹ መበታተን ሥርዓት ያለው ጥፋት ነው። የትኛው ቀለም ምን ያህል እንደዘገየ ስለሚታወቅ ወደ ኋላ ማስላት ይቻላል። ቀድሞ ሥራው የሚከናወነው በተቃራኒው በሚያዘገይ የፋይበር ጥቅልል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2008 ገደማ ወዲህ ግን ይህን ሥራ በተቀባዩ ጫፍ ያለ ቺፕ በስሌት ይሠራዋል። «ሳይንና ኮሳይን፣ ኮምፕሌክስ ቁጥር ምን ያደርግልናል?» እያላችሁ የሒሳብ መምህራንን የምታስቸግሩ ልጆች፣ ስሌቱ የተሠራው በእነዚሁ ነው።

ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ምልክቱ በሰከንድ 30 ቢሊዮን ጊዜ ይመጣል፤ ቺፑ ግን በሰከንድ የሚመታው ግማሽ ቢሊዮን ጊዜ ያህል ነው። በአንድ ምት አንድ ምልክት ብቻ ቢያርም ከ60 ምልክቶች 59ኙ ያመልጡታል። ምቱን ማፋጠን ደግሞ ሙቀት ያመጣል፤ የጅቡቲን ሐምሌ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ስለዚህ ያለው አማራጭ 60 አራሚዎችን ጎን ለጎን አቁሞ በአንድ ምት 60 ምልክት ማሳረም ነው። በትይዩ ማስላት የሚባለው ይህ ነው።

መምህራን የፈተና ወረቀት ሲከፋፈሉ ያደርጉታል፤ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ወረቀቶቹ የአንድ ረጅም ድርሰት ገጾች ቢሆኑስ? ከገጽ 11 እስከ 20 የደረሳቸው መምህር ገጽ 11 ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር የት እንደጀመረ አያውቁም። መፍትሔው ለእያንዳንዱ አራሚ ከድርሻው በፊትና በኋላ ያሉትንም ገጾች መስጠት ነው። ያነባቸዋል እንጂ አያርማቸውም፤ እርማታቸው የጎረቤቱ ነው። ቺፑም ምልክቶቹን በጠርዛቸው በተደራረቡ ክፍሎች ይቆርጣቸዋል። ጥቂት ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ማንም ግን ማንንም አይጠብቅም።

አንዳንዱ ሥራ ደግሞ እንዲህም አይከፈልም። ሁለተኛውን ምልክት ለመለየት የመጀመሪያው ምን እንደነበር ማወቅ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ መሐንዲሶቹ ያደረጉትን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። እንግዳው ጾመኛ ይሁን አይሁን ካልታወቀ ሽሮውም ዶሮውም ይሠራል፤ ሲመጣ አንዱ ይቀርባል። ቺፑም «የመጀመሪያው ዜሮ ከሆነ» እና «አንድ ከሆነ» ብሎ ሁለቱንም አስቀድሞ ያሰላል፤ መልሱ ሲታወቅ አንዱን መርጦ ሌላውን ይጥላል። ብክነት ነው፤ ከመዘግየት ግን ይሻላል።

ሁሉ ተስተካክሎም ጫጫታው ያበላሸው ጥቂት ምልክት ይቀራል። ለዚህ ላኪው አስቀድሞ ትርፍ ቁጥር ጨምሮ ይልካል። ሮበርት ጋላገር የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ያቀረቡት ዘዴ በጊዜው ለነበሩት ማሽኖች ስለከበደ ሠላሳ ዓመት ያህል ተረስቶ ነበር። ዛሬ ከሚሠራባቸው ዋነኞቹ አንዱ ነው፤ ምክንያቱም እርስ በርስ የተያያዙ ትንንሽ ድምሮችን ያቀፈ በመሆኑ ብዙ አራሚዎች በአንድ ጊዜ ሊሠሩበት ይችላሉ።

ሐሳቡን በወረቀት መሞከር ይቻላል። በመጀመሪያው መስመር 4፣ 7፣ 9፤ በሁለተኛው 3፣ 8፣ 2፤ በሦስተኛው 6፣ 1፣ 5 ጻፉ። የመስመሮቹ ድምር 20፣ 13፣ 12 ነው፤ ወደ ታች የዓምዶቹ 13፣ 16፣ 16። ድምሮቹን ትታችሁ 7ን እና 9ን አጥፉና ለጓደኛችሁ ስጡ። የመጀመሪያው መስመር ሁለት ቁጥር ስለጎደለው ብቻውን ምንም አይነግረውም፤ ዓምዶቹ ግን ሁለቱንም ወዲያው ይመልሱለታል። 8ንም ጨምራችሁ ብታጠፉ አንዱ መልስ ለሌላው መንገድ እየከፈተ ይገኛል።

አሁን 4፣ 7፣ 3 እና 8ን አጥፉ። ይህን ጊዜ ስድስቱም ድምሮች ተባብረው አንዱንም ቁጥር በእርግጠኝነት ሊመልሱ አይችሉም፤ ለምን እንደሆነ ፈልጉት። ከዚያ አንድ ድምር ብቻ እንጨምርላችሁ፦ ከላይ ከግራ ጥግ ወደ ታች ቀኝ ጥግ በሰያፍ ያሉት ሦስት ቁጥሮች 17 ይሆናሉ።