ገንዘብ የተከፈለበት ራዲዮን ማስታወቂያ ሊያሰማን ይገባልን?

ለሥራ ጉዳይ ወደ ሞያሌ ወርደን በነበረ ጊዜ፣ በኬንያ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ዳበል ተሻግረን በአንድ ከብት አርቢ ሽማግሌ ቤት በእንግድነት አመሸን። ቤተሰቡ ከራት በኋላ በአንዲት ትንሽ ራዲዮን ዙሪያ ተሰብስቦ ስለ ዝናም የሚነገረውን ወሬ ይጠባበቅ ነበር። ይሁን እንጂ ወሬው ከመነገሩ በፊት የሳሙናው፣ የስልክ ካርዱና የዘይቱ ማስታወቂያ በዘፈን እየታጀበ ተራ በተራ ተሰማ። ሽማግሌው በቦረንኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አስተርጓሚያችንም እንዲህ ሲል ነገረን፦ «እኛ ስለ ደመና እንጠይቀዋለን፤ እርሱ ስለ ሳሙና ይመልስልናል።»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅን። ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2020 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2022 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በሰሜን ኬንያና በደቡብ ኢትዮጵያ የዝናም ወቅት 5 ጊዜ በተከታታይ ከልኩ በታች ሆኖ እጅግ ብዙ ከብት አልቋል። ለእንዲህ ያለው አገር ሰው ስለ ዝናም የሚነገር እውነተኛ ቃል የቤተሰቡ መኖሪያ ነው። ስለዚህ ከዳበል ስንመለስ አንድ ጥያቄ ይዘን ተመለስን፤ ይኸውም፣ አድማጭ ከኪሱ ከፍሎ ከማስታወቂያ የጸዳ ራዲዮን ሊያገኝ አይችልምን? የሚል ነው።

የራዲዮንን ወጪ የሚችሉት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ዕቃውን ሊሸጥ የሚፈልገው ነጋዴ ነው። ሁለተኛው መንግሥት ወይም ሌላ ማኅበር ነው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ይሰማ የነበረውን የብሥራተ ወንጌል ራዲዮን ያቋቋመው የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ነበር። ሦስተኛው አድማጩ ራሱ ነው። በዚህ በሦስተኛው መንገድ ተስፋ ካደረጉት ሰዎች አንዱ በኢትዮጵያ የተወለደው ኖኅ ሳማራ ነበር።

ኖኅ ሳማራ እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. ወርልድስፔስ የተባለውን ኩባንያ በአሜሪካ አቋቋመ። ለሐሳቡ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ፣ ስለ ኤድስ በሽታ የሚነገረው ትምህርት በሩቅ ለሚኖረው የአፍሪካ ሕዝብ አለመድረሱ ነበር። አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ወደ ሰማይ ተተኰሰች። ከምድር 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአፍሪካ ትይዩ ስለ ቆመች፣ ትንሽ መቀበያ ያለው ሰው በበረሃም ቢሆን ያለ አንዳች ጩኸት የጠራ ድምፅ ይሰማ ነበር። ራኔት የተባለው የአየር ጠባይ ወሬ ማሰራጫም በዚህችው ሳተላይት ተጠቅሟል። የኬንያ የትምህርት ተቋምም ትምህርቱን ወደ ትምህርት ቤቶች ልኮባታል።

ነገር ግን መቀበያው ሲጀመር 200 ዶላር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያወጣ ነበር፤ በኋላም አብዛኛው ዝግጅት ለከፋይ ደንበኛ ብቻ እንዲሰማ ተቈለፈ። ደንበኞቹ 200 ሺህ እንኳ ሳይሞሉ ቀሩ፤ ከእነዚያም የሚበዙት በአፍሪካ ሳይሆን በሕንድ አገር ነበሩ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ለአበዳሪዎቹ መክፈል እንዳልቻለ ለፍርድ ቤት አመለከተ፤ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻም ሥራው ቆመ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደ ተባለው ሆነ።

ክፍያው በሰመረበት አገርስ ምን ሆነ? በአሜሪካ ኤክስኤም እ.ኤ.አ. በ2001፣ ሲሪየስም በ2002 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ሲሪየስ ከመጀመሪያው ሙዚቃውን ያለ ማስታወቂያ አሰማ። ኤክስኤም ግን በአንዳንድ የሙዚቃ መስመሮቹ ማስታወቂያ ያስገባ ነበር፤ ይህንም በ2004 ዓ.ም. አስቀረ። ሆኖም በ2006 ዓ.ም. በግልግል ዳኝነት ምክንያት፣ ክሊር ቻነል የተባለው ኩባንያ ወደሚያዘጋጃቸው ጥቂት መስመሮች ማስታወቂያ ተመልሶ ገባ። የወሬና የስፖርት መስመሮች ደግሞ በሁለቱም ዘንድ ማስታወቂያ አልተለያቸውም። ሁለቱ ኩባንያዎች በ2008 ዓ.ም. ሲዋሐዱ ደንበኞቻቸው ከ18 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። እንግዲህ ከፋዩ በበዛበት አገር እንኳ «ማስታወቂያ የለም» የሚለው ቃል ሙዚቃውን እንጂ ሁሉን አይመለከትም ማለት ነው።

ማስታወቂያ የሚሰማ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንድ ጊዜ በገንዘቡ፣ ሁለተኛም በጊዜው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 12 ደቂቃ ማስታወቂያ ቢገባ፣ በየቀኑ 2 ሰዓት የሚያዳምጥ ቤተሰብ በ30 ቀን ውስጥ 12 ሰዓት ያህል ያጣል። ከዚህም የሚብሰው የዝግጅቱ ጠባይ መለወጡ ነው። ዝግጅቱን የሚያስከፍለው ነጋዴው ከሆነ፣ አዘጋጁ የሚጨነቀው ብዙ ገዢ ስለሚሰበስበው ነገር እንጂ ጥቂት ሰዎችን ስለሚያድነው ነገር አይደለም። የዳበል ሽማግሌም ለሳሙና ነጋዴው ብዙ ገዢ አይሆኑለትም።

ይህን ስንል ማስታወቂያን ሁሉ መንቀፋችን አይደለም። አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን እንደሚያስተውሉት፣ ማስታወቂያ የሚለው ቃል ማስታወቅ ከሚለው ይወጣል፤ የነጋዴውንም ማሻሻጫ፣ የመንግሥትንም መግለጫ በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሥራቸው ሁለት ነው። «የከብት ክትባት ማክሰኞ በገበያው አጠገብ ይሰጣል» የሚለው አድማጩ የሚያስፈልገውን ያሳውቃል፤ ያኛው ግን ነጋዴው የሚያስፈልገውን ያሳውቃል።

ስለዚህ የቤተሰብ አለቃ ለራዲዮን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ። ማስታወቂያ የማይገባው በየትኛው ዝግጅት ነው? ተስፋው በውል ተጽፏልን? በሹመት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሦስተኛውን ይጨምር፤ የዝናም፣ የበሽታና የልጆች ትምህርት ወሬ መክፈል ለማይችለው ሰው ክፍት ነውን? ሙዚቃ ቢቈለፍ ሰው አይጐዳም፤ የዝናም ወሬ ቢቈለፍ ግን ከብት ያልቃል።

በዚያች ምሽት በዳበል የዝናሙ ወሬ በመጨረሻ ተነገረ። ከሳሙናው ማስታወቂያ ያጠረ ነበር። ሽማግሌው ግን እስኪያልቅ ድረስ ጆሮአቸውን ከራዲዮኑ አላነሡም።