ፈተናን መድገም ወይስ መንገድን መለወጥ?

ዐሥራ ሁለት ዓመት በትምህርት ገበታ የቈየ ልጅ በመጨረሻው ፈተና ሲወድቅ፥ ጉዳቱ በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ የአባቱ ወጪና የእናቱ ድካም አብረው ይንገዳገዳሉ። በዚያች ቀን በቤት ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ፈተናውን ይድገም ወይስ ወደ ሌላ ሥራ ይሂድ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በቍጣና በኀፍረት የሚመልሱት ብዙዎች ሲሆኑ፥ በሚዛን የሚመልሱት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ጉዳዩ የጥቂት ቤቶች አለመሆኑን ቍጥሩ ይመሰክራል። በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ፥ የመኰራረጅንና የፈተና ስርቆትን በር ለመዝጋት፥ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ተደረገ። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከ845,188 ተፈታኞች 27,267፥ በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 ተፈታኞች 36,409፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ። በመጀመሪያው ዓመት ከሠላሳ ተማሪ አንዱ ሲያልፍ፥ በአራተኛው ከዐሥራ ሁለት አንዱ አልፏል ማለት ነው። መሻሻሉ የሚያስደስት ቢሆንም፥ በየዓመቱ በደጅ የሚቀረው ወጣት አሁንም በመቶ ሺህ የሚቈጠር ነው።

እንዲህ ያለው ጠባብ በር በሌላም አገር ታይቷል። በቻይና ለዐሥር ዓመት ያህል ተቋርጦ የነበረው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1977 ዳግመኛ ሲከፈት፥ ከ5 ሚሊዮን ከ700 ሺህ ከሚበልጡት ተፈታኞች ቦታ ያገኙት ከመቶ አምስት አይሞሉም ነበር። ብዙዎቹም በእርሻና በፋብሪካ ዓመታትን አሳልፈው የተመለሱ ጐልማሶች ነበሩ። በጃፓንም ፈተናውን ለመድገም አንድ ዓመት የሚቀመጠው ወጣት «ሮኒን» ይባላል፤ ቃሉ በጥንት ዘመን ጌታ ያጣ ወታደር የሚጠራበት ነበር። ደጋሚው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲም ሳይገባ በመካከል የቆመ ሰው ነውና፥ ስሙ በእውነት የተገባ ነው።

ወደ ሐርጌሳም ብንሻገር የዓመታት መባከን እንግዳ ነገር አይደለም። አያሃን በመሳሰሉት የከተማዪቱ ዳርቻ ሰፈሮች ከስደት የተመለሱና ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ ቤተ ሰቦች ይኖራሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1988 ከተማዪቱ በአውሮፕላንና በመድፍ በተደበደበች ጊዜ፥ ሕዝቧ ድንበር ተሻግሮ በጅጅጋ አጠገብ እስከ ሐርቲሼክ ተሰደደ። በስደት ድንኳን ያደገ ልጅ ትምህርቱን ዘግይቶ መጀመሩ የግድ ነበር። ይሁን እንጂ በ1998 በቦረማ የአሙድ ዩኒቨርሲቲ፥ በ2000ም የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ ተከፈቱ። ስለዚህ አንድ ዓመት መዘግየት በራሱ የሕይወት ኪሳራ አይደለም፤ ኪሳራ የሚሆነው ዓመቱ ያለ ዕቅድ ሲያልፍ ነው።

አስተዋይ ነጋዴ በአንድ ዕቃ ሲከስር፥ ያንኑ ዕቃ መልሶ ከመግዛቱ በፊት የከሰረበትን ምክንያት ይመረምራል። ዋጋው ነበርን? መንገዱ ነበርን? ወይስ ዕቃው ራሱ ለገበያው አይስማማም ነበር? ፈተናን ለመድገም የሚያስብም እንዲሁ ማድረግ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ርቀቱን ይለካ። ከመቶ 46 ያገኘና ከመቶ 21 ያገኘ ሁለቱም ወደቁ ይባላል፤ ነገር ግን አንዱ በደጃፉ የቆመ ሲሆን ሌላው ገና በመንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያው በሁለት ወይም በሦስት የትምህርት ዐይነት ላይ ቢበረታ ሊደርስ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ከታችኛው ክፍል መሠረቱን እንደገና ሳያንጽ ቢቀመጥ ያንኑ ውጤት ይዞ ይመለሳል።

ሁለተኛ ምክንያቱን ይወቅ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከእነዚህ ከአንዱ የወጣ ልጅ ሰነፍ ነበር ብሎ መፍረድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን ያንኑ ትምህርት በዚያው ስፍራ፥ ያለ መጽሐፍና ያለ መምህር ቢደግመው፥ «ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ» የተባለው ይደርስበታል። ለመድገም የሚወስን ሰው «ዘንድሮ ከአምናው ምን ይለወጣል?» ለሚለው ጥያቄ ግልጽ መልስ ሊኖረው ያስፈልጋል።

ሦስተኛ ወጪውን ይቍጠር። ወጪ ማለት የመመዝገቢያና የመጓጓዣ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ወጣቱ በዚያ ዓመት ሠርቶ ሊያገኝ ይችል የነበረውም አብሮ ይታሰባል። ለሴት ልጅ ደግሞ ሒሳቡ ይከብዳል፤ በቤት የተቀመጠች እንደ ሆነ የቤቱ ሥራ ሁሉ ወደ እርስዋ ይዞራልና፥ የጥናት ሰዓት ሳይከበርላት «ድገሚ» ማለት በስም ብቻ መፍቀድ ነው።

መድገም ብቸኛው መንገድ አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለማለፊያው ነጥብ የቀረቡ ተማሪዎች በየጊዜው በተወሰነው መቍረጫ መሠረት ተመርጠው፥ ሪሚዲያል የተባለውን የማካካሻ ትምህርት ለጥቂት ወራት ተምረው እንዲፈተኑ ተደርጓል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትም አለ፤ ብረት የሚበይድ፥ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፥ ሞተር የሚጠግን እጅ በማናቸውም ከተማ ተፈላጊ ነው። ደግሞም በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ስለ ተጀመረ፥ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ በመጨረሻው ዓመት ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። በቂ ዕውቀት ሳይኖረው በሩን ብቻ ያለፈ ሰው መውደቁን ለአራት ዓመት አዘገየው እንጂ አላመለጠውም።

በዚህ ጉዳይ አስተዳዳሪዎችም ድርሻ አላቸው። ደጋሚ ተማሪ የትምህርት ቤት ስም የለውም፤ ደወል የሚጠራውና መምህር የሚጠብቀው የለም። በየወረዳው አንድ የንባብ ክፍል በማታ ተከፍቶ መብራት ቢበራለትና ፈቃደኛ መምህራን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ቢረዱት፥ ወጪው ትንሽ ሆኖ ጥቅሙ ብዙ ይሆናል። ነጋዴዎችም ደጋሚውን ለግማሽ ቀን በሥራ ቢቀጥሩት፥ እርሱ ራሱን ይረዳል፤ እነርሱም ቍጥርና ጽሕፈት የሚያውቅ ሠራተኛ ያገኛሉ።

እንግዲህ ለነጥቡ የቀረበ፥ የወደቀበትን ምክንያት ያወቀ፥ የሚማርበትን መንገድ የለወጠና ቤቱም የተስማማለት ወጣት ይድገም። እነዚህ የሌሉት ግን ለጎረቤት አፍ ሲል ብቻ አይድገም። ሁለቱም ከወላጅ የሚጠብቁት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ውሳኔው ከተቈረጠ በኋላ በየምሽቱ በተግሣጽ እንዳይናወጥ ነው። ዓመቱ አንድ ጊዜ ለጥናት ወይም ለሙያ ከተሰጠ፥ ሙሉው ይሰጥ።